የህንዷ መምህርት ጾም

መካነ ሰላም ለማስተማር የተመደብኩት ረሃቡ ወሎን በያዘበት ዓመት ነበር። በአገሩ ዘመድ የለኝም። የተከራየሁት ቤት በጭቃ ግድግዳ ለሁለት የተከፈለ ሲሆን፣ በወዲያኛው ክፍል ሒሳብ የሚያስተምሩ ህንዳዊት ይኖሩ ነበር። በዕድሜ እናቴን ያህላሉ። ባላቸው ሲሞት ነው አሉ አገራቸውን ትተው የመጡት። ለብዙ ጊዜ ከሰላምታ ሌላ የተለዋወጥነው ነገር አልነበረም።

ሥጋና እንቁላል ስለማይቀምሱ የከተማው ሰው «ህንዷ መነኩሴ» ይላቸዋል። ጨረቃ በወጣች በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ከሞላችም በኋላ እንዲሁ፣ እህል የሚባል አፋቸው አይገባም። ሲመሽ አንድ ስኒ ወተት ጠጥተው በአምላካቸው ሥዕል ፊት ይቀመጣሉ። በዚያ ብርድ የሚተኙት መሬት ላይ ሰሌን አንጥፈው ነው።

አንድ ቀን ደፍሬ፣ ይህ ሁሉ ሰው ሳይወድ እየተራበ እርስዎ ወደው መራብዎ አይከብድዎትም ወይ አልኳቸው። አልተቆጡም። ሰውነት ሁልጊዜ አምጣ፣ አምጣ ይላል፤ እሱን ዝም ሲያሰኙት አምላካቸውን ማሰብ እንደሚቀናቸው በእንግሊዝኛም በአማርኛም እየቀላቀሉ ነገሩኝ። ቀጥለውም፣

«እኔ እሰጣለሁ። እነሱ ግን ተቀሙ። አንድ አይደለም» አሉ።

ሁዳዴ ገብቶ እሳቸውም በሚጾሙበት ቀን፣ ከዓባይ በኩል ካለው ቆላ የወጡ አንዲት ሴት በራችን ላይ ተቀመጡ። እግራቸው አብጧል። መምህርቷ ለማታ ያስቀመጡትን ወተት አምጥተው ሰጧቸው። ሴትዮዋ ስኒውን ተቀብለው አዩትና መለሱት።

«ሁዳዴ ነው፣ እመቤቴ።»

«አብሽሩ፣ እናቴ» አልኩ እኔ፤ እንዲህ ለተጎዳ ሰው ቄሱም እንደሚፈቅዱ ነገርኳቸው።

«በሬዎቼ አለቁ። ልጆቼን ቀበርኩ» አሉኝ ቀስ ብለው። «የቀረኝ ጾሜ ነው፤ እሱን አታስፈቱኝ።»

ለመምህርቷ ተረጎምኩላቸው።

«ተያቸው» አሉኝ። «እኒህ የሚሰጡት አላቸው።»

ወተቱን ለጎረቤታችን ለእስላሙ ነጋዴ ልጆች አሰጡና እሳት አነደዱ። ያለ ቅቤ ሽሮ ሠሩ። በዚያ ቀን ጥራጥሬም ስለማይቀምሱ ጨውን ያየሁት እኔ ነኝ። ሴትዮዋ ቅዳሴ እስኪወጣ ጠበቁ፤ ከዚያ አማትበው፣ በጣም በዝግታ በሉ። መምህርቷ በባዶ ሆዳቸው አጠገባቸው ተቀምጠው ውሃ ያቀብሏቸው ነበር። አንዳቸው የሌላቸውን ንግግር በቅጡ ሳይረዱ አብረው አመሹ። በዚያች ቤት እንግዳዋ እኔ የሆንኩ መሰለኝ።

ሴትዮዋ ጥቂት ሰንብተው ትንሽ ሲበረቱ፣ ወረኢሉ ዘመድ አለኝ ብለው ሄዱ። ይድረሱ አይድረሱ አልሰማንም።

ከዚያ ወዲህ መምህርቷና እኔ ማታ ማታ አብረን እንበላ ጀመር። ብዙ አልቆየም። አብዮቱ መጣ፤ ተማሪዎቹ ሰልፍ ወጡ፣ ክፍሎቹ ባዶ ሆኑ፣ የሳቸውም ኮንትራት ሳይታደስ ቀረ። አውቶቡስ ድረስ ሸኘኋቸው። ሰሌናቸውን ጠቅልለው በክንዳቸው ይዘዋል። ሲሰናበቱኝ ደህና አድርገሽ ብዪ አሉኝ፤ ሌላ ምክር አልሰጡኝም።

እኔ እዚያው ቀረሁ። በሚቀጥለው ሁዳዴ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ ምሳዬን አቀረብኩና፣ ከጭቃው ግድግዳ ወዲያ ለማዕድ የምጠራው ሰው እንደሌለ እያወቅሁ ሽሮው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ሳልነካው ተቀመጥኩ።