ሽቦና የወርቹ ፈተና

በቄራው ሁሉም ሰው «ሽቦ» ይላታል። ቀጭን ናት፤ ትታጠፋለች እንጂ አትሰበርም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለት ልጆቿን የምታሳድገው ሥጋ በየብልቱ የሚለይበትን ክፍል ወለል እየጠረገች ነው። የምትገባው ብልት አውጪዎቹ በሬውን ቆራርጠው ሲወጡ ስለሆነ፣ ከሥራቸው የምታየው አጥንቱን ብቻ ነበር። እሱን ግን ዝም ብላ አትጥለውም፤ የዚህኛውን ጫፍ ከዚያኛው ጋር እያጋጠመች ታያለች። «ይቺ ሴትዮ ለየላት» ያሉም ነበሩ። ይበሉ፤ ለአፍ ዳገት የለውም።

አንድ ጠዋት ከብልት አውጪዎቹ አንዱ ሥራ ለቀቀ። ሽቦ ዓይኗን በጨው ታጥባ አለቃው ፊት ቆመች።

«ጋሼ፣ ቦታውን ለእኔ ይስጡኝ።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አለቃው ብቻ አልሳቀም።

«መልካም፤ የዚያን በሬ ወርች፣ የፊት እግሩን ከነትከሻው፣ ከጎድኑ ጋር ከሚጋጠምበት መገጣጠሚያ ላይ ለይተሽ አውጪ። ካቃተሽ ግን ከጠረጋውም ተሰናብተሻል።»

ወንዶቹ በክርናቸው ተጎሻሸሙ። አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር የሚያደርጉት ነው፤ ምስኪኑ መገጣጠሚያውን ሲፈልግ ቢላውን በጎድን አጥንት ላይ ያዶለዱማል፣ እነሱም ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። ሽቦ ይህን አታውቅም። የምታውቀው ልጆቿ ማታ እራት እንደሚጠብቁ ነው።

ቢላውን ይዛ ወርቹን ወዘወዘችው። እንደ ጉልበት ወደ አንድ ወገን አይታጠፍም፤ በጎድኑ ላይ ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል። የጠረገችው የትከሻ አጥንት ትዝ አላት። አጥንት ከአጥንት የሚጋጠምበት ጫፍ ሁሉ ልስልስ ያለ ነው። ሰፊው የትከሻ አጥንት ግን ልስልስ የሚለው በታች ጫፉ፣ የክንዱ አጥንት በሚገባበት ብቻ ነው። ወደ ጎድኑ በኩል ምንም የለውም። ቢላውን ዝቅ አድርጋ ወደ አለቃው ዞረች።

«ያዘዙኝ መገጣጠሚያ የለም» አለች። «ወርች ከጎድን ጋር የተያዘው በሥጋ ብቻ ነው። ሊያሾፉብኝ ነው?»

ወርቹን ከፍ አድርጋ ቢላውን በትከሻ አጥንቱና በጎድኑ መሃል አሳለፈችው። አጥንት ሳትነካ ወርቹን እንዳለ አወረደችው።

አለቃው ጉሮሮውን ጠረገ። «እስቲ ነገ እናያለን።»

«ነገ የለም፣ ጋሼ። መገጣጠሚያ ከፈለጉ ዳሌው ላይ አለ።»

የኋላ እግሩን ወደ ውጭ ገፍታ ሥጋውን ሰነጠቀችና የመገጣጠሚያውን ስስ ሽፋን ቀደደች። የእንቁላል ነጭ የመሰለ ፈሳሽ ጣቷን አራሰው፤ አጥንት ከአጥንት እንዳይፋጭ የሚያለሰልሰው እሱ ነው። በውስጥ ያለውን አጭር ጅማት ስትቆርጠው ክቡ የጭን አጥንት ራስ ከጎድጓዳው ወጣ። የቀረውን ሥጋ ቆርጣ ታፋውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈችና ቀና አለች።

«አሁን ትንሽ ጠጋ ይበሉልኝ፤ ቦታዬ ላይ ቆመዋል።»

አለቃው ጠጋ አለ።