ጠፍታ የጨሰችው ሬዲዮ

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ የሚስቴ አባት ከአገር ቤት ቶሮንቶ፣ ጄን ኤንድ ፊንች የሚባለው ሰፈር እኛ ዘንድ ለመኖር ሲመጡ፣ ልብሳቸውን ቀንሰው አሮጌ ሬዲዮናቸውን ይዘው መጡ። ሟች ባለቤታቸው በሠሩት ዳንቴል ትሸፈናለች። የዚህ አገር መብራት ስለማይበቃት ትራንስፎርመር ገዛሁላት።

አገር ቤት ሬዲዮ ጠጋኝ ነበርኩ። ቶሮንቶ ግን ኢቶቢኮ ሰፈር ባለ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስጭን እውላለሁ፤ ሽማግሌው የሚያውቁኝም በዚሁ ነው። «ልጄ ካርቶን ተሸካሚ አገባች» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ስለዚህ አንድ ጊዜ ሙያዬን ቢያዩልኝ ብዬ ጓጓሁ።

አንድ ቅዳሜ ለምኜ ጀርባዋን ከፈትኩ። የመብራቱ ገመድ ከሚገባበት አጠገብ ያለችው፣ የመስመሩን ረብሻ የምታስቀረው ካፓሲተር የምትባል ትንሽ ዕቃ ተሰነጣጥቃለች።

«አባባ፣ ይቺ መቀየር አለባት። አንድ ቀን ትፈነዳለች» አልኳቸው።

«እየሠራች?»

«እየሠራችም። ሬዲዮዋን ቢያጠፏትም ኤሌክትሪኩ እሷ ጋ ይደርሳል። ቢያንስ ሲወጡ ሶኬቱን ይንቀሉት።»

«ሃያ ዓመት ያልፈነዳች አንተን አይታ ነው የምትፈነዳው? በል ግጠማት፤ በኔ ዕቃ አትለማመድ።»

ገጠምኩ። ምን ላድርግ? ዕቃው የሳቸው ነው፤ ደግሞም አማቴ ናቸው።

በማግስቱ እንደ ልማዳቸው አጥፍተዋት፣ ሶኬቱን ሳይነቅሉ ዳንቴሏን አልብሰዋት ሁላችንም ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ስንመለስ ቤቱ በሚሰነፍጥ ጭስ ታፍኗል። ዳንቴሉ በጀርባዋ በኩል በወረደበት፣ ከፈነዳችው ካፓሲተር የወጣ ቡናማ ቅባት ጠጥቷል፤ ኋላም ቢታጠብ ቢታጠብ አለቀቀም። ሽማግሌው ዳንቴሉን ይዘው አለቀሱ።

ሚስቴ ወደኔ ዞረች። «ትናንት ምን ነካክተህባቸው ነው?»

ከሳቸው ይልቅ እሷ አሳረረችኝ።

ካፓሲተሩን ልቀይርልዎ ብል «ፈረንጅ ይያት» ብለው እምቢ አሉ። ሬዲዮዋን ተሸክሜ ኢቶቢኮ አንድ ጥገና ቤት ወሰድኳቸው። ፈረንጁ ከፍቶ አየና፣ ካፓሲተሯ ናት፣ ሬዲዮው ቢጠፋም ኤሌክትሪክ ይደርሳታል፣ ሶኬቱን መንቀል ነበረባችሁ አለ። የራሴን ቃል መልሼ ያስተረጎምኩላቸው እኔው ነኝ። ሽማግሌው በየቃሉ በእሺታ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

ተሠርታ ስንመለስ መኪና ውስጥ ሬዲዮዋን እንዳቀፉ ወደኔ ዞሩ። እኔ ሞኙ፣ ይቅርታ ሊሉኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ።

«ሰማኸው አይደል እንዴት እንደሚያውቅ?» አሉኝ። «አንተስ ካርቶን ከምትሸከም እንዲህ ያለ ሙያ ብትማር ምን ነበረበት?»