በፌስታል አልበላም

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ምሳ ዕቃዋን ትምህርት ቤት ረስታ መጣች። እናቷ፣ «ምን ችግር አለው፣ ነገ በፌስታል ቋጥረሽ ትሄጃለሽ» አለቻት። እኔ ሳላስበው «በፌስታልማ አትሄድም!» ብዬ ጮህኩ። በዚህ ዕድሜዬ ለአንድ ፌስታል እንዲህ መንጨርጨሬ እነሱን አሳቃቸው። እኔን ግን ወደ ዘጠነኛ ክፍል መለሰኝ።

የምንማረው እዚሁ ሐዋሳ፣ ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ ትምህርት ቤት ነበር። ምሳ ሲደርስ ከግራሩ ሥር ክብ ሠርተን ቁጭ እንልና ሁሉም የምሳ ዕቃውን ክዳን ከፍቶ መሃል ያስቀምጣል። ከዚያ ወዲያ ይሄ የማን ነው የሚል የለም፤ ሽሮው፣ ቆጮው፣ የዓሣ ጥብሱ የሁሉም ነው። በጾም ወራት የጾሙና የፍስኩ ዕቃ ለየብቻ ይቀመጣል። ከሁለቱም የምትጎርሰው ጓደኛዬ ዱካሌ ነበረች። «እኛ ጴንጤዎች ድንበር የለንም» ትለን ነበር። ከገጠር መጥታ አጎቷ ቤት የተቀመጠች፣ አፏ የማይቻል ልጅ ናት። ምሳ ይዛ እንደማትመጣ እንኳ ልብ ያለ አልነበረም።

ከዚያ አዲስ ርእሰ መምህር መጡ። የምሳ ዕቃ ክዳን እየተንኳኳ ክፍል ይረብሻል፣ ወጡም ደብተር ያበላሻል አሉና ምሳ በፌስታል ብቻ እንዲመጣ፣ ከተበላም በኋላ ፌስታሉ እንዲጣል አዘዙ። ሲሰሙት ንጹሕ ትእዛዝ ነው። ነገር ግን ፌስታል መሃል አይቀመጥም፤ ይተኛል፣ ወጡ ይፈሳል። ስለዚህ እያንዳንዱ ፌስታሉን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ አንገቱን ደፍቶ ለብቻው መብላት ጀመረ። የተረፈውን ቋጥሮ ከክፍሎቹ ጀርባ ወዳለው ጉድጓድ ይወረውራል። ዱካሌ ደግሞ በምሳ ሰዓት «ላይብረሪ የማነበው አለኝ» ማለት ጀመረች። ዱካሌ! መጽሐፍ ሲያሳዩአት የምትሸሽ ልጅ!

ነገሩ የገባኝ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በረሃብ ዝላ ራሷን ዴስኩ ላይ ደፍታ ሳያት ነው። በማግስቱ እንጀራ በፌስታል ቋጥሬ ብሰጣት «ለማኝ መሰልኩሽ?» ብላ መለሰችልኝ። እውነቷን ነው። መሃል የተቀመጠ ምግብ ማንም ይበላዋል፤ ለብቻ ተቋጥሮ ሲሰጡት ግን ያሳፍራል። ደሜ ፈላ።

እናቴን ለምኜ ትልቁን ድስት ምስር ወጥ ሞልቼ፣ እንጀራውን በጨርቅ ጠቅልዬ ሄድኩ። ርእሰ መምህሩ በሩ ላይ ቆመዋል።

«ምንድን ነው ይሄ? ሠርግ አለ እንዴ?»

«ምሳዬ ነው።»

«በፌስታል ነው የተባለው!»

«በፌስታል አልበላም፣ ቲቸር።»

ከአፌ ሲወጣ እኔም ደነገጥኩ። አባቴ አለቃ ባየ ቁጥር ኮቱን የሚቆልፍ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ድፍረቱን ከየት እንዳመጣሁት እንጃ። ድስቱ ተወሰደ። እኔም በማግስቱ ጠዋት የጉድጓዱን ፌስታል ሰብስቤ እንዳቃጥል ተፈረደብኝ።

ጆንያ ይዤ ወረድኩ። የመጀመሪያውን ፌስታል ብፈታው ሙሉ ምሳ ነው። ሌላውም እንደዚያው። ያልተነካ እንጀራ፣ የሻገተ ቆጮ፣ ግማሹ የተበላ ዓሣ። ዱካሌ በባዶ ሆዷ ስትውል ይሄ ሁሉ እዚህ ይበሰብሳል። ሁሉንም ጆንያው ውስጥ ከተትኩ። ጆንያውን እየጎተትኩ ወጣሁና ተማሪው ተሰልፎ ሳለ ሰንደቅ ዓላማው ፊት ዘረገፍኩት።

አባ ኮዳ የምንላቸው የሐይቁ ዳር ትልልቅ ወፎች አልዘገዩም። ከጣሪያው እየወረዱ፣ እንደ ዕድር ዳኛ ቀስ ብለው እየተራመዱ ሰልፉ መሃል ገቡ። የፊተኛው ረድፍ እየጮኸ ሸሸ፣ የኋላው በሳቅ ፈረሰ።

«ማነው ይህን ያደረገው?» ብለው ርእሰ መምህሩ ጮኹ።

«እኔ ነኝ።»

«አቃጥይው አልነበር ያልኩሽ?»

«እህል አላቃጥልም። ይኸው የጣልነው ምሳ፤ ይዩት። እዚሁ ግቢ ውስጥ ሳይበሉ የሚውሉ ልጆች አሉ።» የማንንም ስም አልጠራሁም።

ወላጅ እስካመጣ ከክፍል ታገድኩ። አባቴ ኮቱን ቆልፎ መጣ። ይቅርታ ሊለምን ነው ብዬ ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩ። እሱ ግን፣ «ልጄ ደፍራለች፣ ለድፍረቷ እኔ እቀጣታለሁ። ድስቴን ግን ይመልሱልኝ። እህል የሚቀርብበት ዕቃ አይታሰርም» አላቸው። ከዚያ ድስቱን አቅፎ በመሃል ከተማ በእግሩ ወደ ቢሮው ሄደ። ቅጣቱን እስከ ዛሬ አላየሁትም።

ትእዛዙ ተሽሯል ብሎ የነገረን የለም። ሆኖም ወደ ክፍል ስመለስ ደፈር ያሉት ምሳ ዕቃ ይዘው መምጣት ጀምረዋል፤ ብዙም ሳይቆይ ግራሩ ሥር ቦታ ጠፋ። ርእሰ መምህሩ በዚያ ሲያልፉ ሐይቁን ሐይቁን ያያሉ። አንድ ቀን ዱካሌ ከላይብረሪ ወጣችና «ጠጋ በሉ» ብላ መሃላችን ገባች። የመጀመሪያውን ጉርሻ ዋጥ አድርጋ፣ «ምስሩ ጨው የለውም» አለች። ደስታዬ አስለቀሰኝ፤ በበርበሬው አሳበብኩ።

ዛሬ ስለ ፌስታል ሲወራ የሚነሳው በሐይቁና በዓሣው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ነው። ልክ ነው፣ ይነሳ። እኔ ግን መጀመሪያ ያየሁት አብሮ መብላትን ሲያጠፋ ነው፤ ስለዚህ አልታረቀውም።

የእህቴ ልጅ ይህን ሁሉ ሰምታ፣ «አክስቴ፣ ግን አልተጸጸትሽም?» አለችኝ።

«እንዴት አልጸጸትም! ሰንደቁ ፊት መዘርገፍ አልነበረብኝም» አልኳት። «ርእሰ መምህሩ ቢሮ ውስጥ ነበር እንጂ።»