ቦራን ያባረርኩ ቀን

ልጅ እያለሁ፣ ደብረ ዘይት፣ ከባቡር የሚፈጥን ፈረስ ነበረን ብል እንዳትስቁብኝ። ትዝ ያለኝ እዚሁ ላስ ቬጋስ፣ በ2020 ነው። ሆቴሎቹ ሁሉ ሲዘጉ የእንግዳ መኪና ከማቆምበት የቫሌት ሥራዬ ሌይ ኦፍ ተደርጌ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የፈረስ እርባታ በረት ጠራጊ ሆንኩ። ፈረሶቹ ዘራቸው ከዌልስ አገር ነው፤ አጠር ያሉ፣ ደረተ ሰፊዎች። ተወልደው ያደጉት ግን ኔቫዳ በረሃ ስለሆነ ዝናብ ጠብ ሲል ይደነብራሉ። የእርባታው ባለቤት የፈረሶቹን ቅድመ አያቶች ስም ሁሉ በወረቀት ይዛለች፤ እኔ ሰባት ቤት ቁጠር ብባል አራተኛው ላይ ሳል ይይዘኛል። በመጀመሪያው ቀን አንዱን ውርንጭላ አንገቱ ሥር ሳሸተው፣ ያ የላብና የገለባ ሽታ ወደ ስምንት ዓመቴ መለሰኝ።

ቦራ የአባቴ የጋሪ ፈረስ ነበር፤ ግንባሩ ላይ ነጭ አለው። ማንም ሳያዘው በየጠጅ ቤቱ በር ይቆማል። ተሳፋሪዎች፣ «ጋሼ፣ የሚጠጡት እርስዎ ነዎት ወይስ እሱ?» ሲሉት አባቴ፣ «እሱ ነው፤ እኔ ከፋይ ነኝ» ይላቸው ነበር።

አባቴ ሲሞት እናቴ ቦራን ለአንድ የሞጆ ሰው ሸጠችው። በሦስተኛው ቀን የበጠሰውን ገመድ እየጎተተ መጥቶ በራችን ላይ አሽካካ። ገዢው እየገረፈ ወሰደው። በሳምንቱ ደግሞ መጣ፤ ጀርባው ቆስሏል። አንገቱ ላይ ስጠመጠም እናቴ እያለቀሰች፣ «ተው ልጄ፣ ሰውየው ይገድለዋል። ተስፋ ይቁረጥ፤ አባርረው» አለችኝ።

አንድ ድንጋይ ወረወርኩ፤ ሆን ብዬ ሳትኩት። ቦራ ጨዋታ መስሎት ጠጋ አለኝ። ሁለተኛው ነጩ ግንባሩ ላይ አረፈ። ቆሞ አየኝ። ከዚያ ዞሮ በሞጆ መንገድ ቀስ እያለ ሄደ፤ ተመልሶም አልመጣ። የዚያን ቀን ያፈሰስኩት ዕንባ የሆራን ሐይቅ አንድ ክንድ ሳይጨምረው አልቀረም።

በ2021 ሆቴሉ መልሶ ጠራኝ። በረቱን በምሰናበትበት ቀን ያ ውርንጭላ ተሽጦ፣ ወደ ካሊፎርኒያ የሚወስደው ተጎታች መጣ። አልገባም ብሎ ተገተረ። ባለቤቷ፣ «አንተን ብቻ ነው የሚሰማው፣ ፕሊስ» አለችኝ። ገመዱን እንኳ ሳልነካ ቀድሜው ገባሁ። ኮቴውን እያንኳኳ ተከተለኝ። በጎን በር ሾልኬ ወጣሁና ዘጋሁበት።

ቦራስ እንደጠላሁት አምኖ ነው የሄደው። ይኼኛው ግን የገባው አብሬው የምሄድ መስሎት ነው።