ከምጽዋ የመጣ ጭቃ

የበደለኝ ታላቅ ወንድሜ ነው፤ በደርግ ጊዜ፣ ጦርነቱ ምጽዋ ደጃፍ በደረሰበት ክረምት፣ በፍልሰታ ጾም። ደባርቅ መሪጌታ ነበርና ፊት ለፊት አንቱ እለው ነበር። እዚህ «እሱ» ይበቃዋል።

እኔ ምጽዋ ወደብ አጠገብ ባለች ትንሽ ቤተ ሙከራ እሠራ ነበር። መርከቦች ያፈሰሱት ዘይት ከባሕሩ ወለል ደለል ጋር ተላቁጦ ሸርጣኑንም ዓሣውንም ይገድላል። እኛ ከዚያው ደለል ውስጥ ዘይት የሚበሉ ባክቴሪያዎችን ለይተን፣ አየርና ጥቂት ማዳበሪያ እየሰጠን እናራባለን። እነሱ የሰነበቱበት ጭቃ የናፍጣ ሽታው እየጠፋ ይሄዳል። ቤተ ሙከራው ሲዘጋ ኃላፊያችን የቀሩትን ጠርሙሶች አስታቀፈኝና «እነዚህ ከሞቱ እንደገና የምንጀምርበት የለም» አለኝ። በሽሬ፣ በዛሪማ አድርጌ እናቴ ቤት ገባሁ።

የደባርቅ ብርድ ለቀይ ባሕር ፍጥረት አይሆንም። እናቴ እግሯ አብጦ ከአልጋ አትወርድም ነበርና ጠርሙሶቹን ከጎኗ አድርጋ ጋቢዋን አለበሰቻቸው። የነገርኳት ሁሉ ገብቷት ነበር።

«ዛሬስ በሉ?» ትለኛለች ጠዋት ጠዋት።

«በልተዋል፣ እማ።»

«ይብሉ። እኛ እንጾምላቸዋለን።»

ለወንድሜም ሲጠይቀኝ ይህንኑ ነገርኩት፤ ሳቀ። በዚያ ዘመን ካድሬ እንዳይዘባበትበት ጸበሉን መድኃኒት ነው ብሎ የሚደብቅ ሰው ሞልቶ ነበር። በዛሪማ በኩል የመጣ ሰው ደግሞ ዋልድባን ተሳልሞ፣ በሽተኛ የሚቀባውን የተባረከ አፈር፣ እምነቱን ይዞ ነው የሚመጣው።

«ብልህ ነሽ» አለኝ። «ካድሬው ቢፈትሽሽ የባሕር ጭቃ ነው ትያለሽ። ከኔ ግን ምን ያስደብቅሻል?»

«የባሕር ጭቃ ነው እኮ የምልዎ። ናፍጣው አይሸትዎትም?»

«ናፍጣም ጠብ አድርገሽበታል? ይህንስ ሰይጣንም አያስበው።»

ባስተባበልኩ ቁጥር ብልህነቴን ያደንቃል።

ለእናቴ መድኃኒት ላመጣ ዳባት ጤና ጣቢያ ሄድኩ፤ መኪና ጠፍቶ እዚያው አደርኩ። ስመለስ ጠርሙሶቹ ታጥበው ደጅ ተደፍተዋል። ወንድሜ ጸሎት እየደገመ የእናቴን እግር እስከ ጉልበቷ ቀብቶ፣ የተረፈውን ቤተ ክርስቲያን ለሱባዔ ለሰነበቱ በሽተኞች አድሎታል።

«ለብቻሽ ልትይዢው ኖሯል?» አለኝ፣ በተማሪዎቹ ፊት። «ትምህርቱ ንፉግ አድርጎ ሰደደሽ።»

ንፉግ። ጠርሙሶቹን ብተውለት እንኳ ይህችን ቃል አልረሳለትም።

እሱ ሲወጣ እናቴን «ምን እንደሆነ እያወቅሽ ለምን ዝም አልሽው?» አልኳት።

ጋቢዋን ጎተት አደረገች። «ዘይት ከበሉ እብጠቴንም ይበሉልኝ ይሆናል ብዬ ነው።» ከዚያ እግሯን ወደኔ ገፋችው። «ከጣቶቼ መሀል ያለው አልደረቀም። ቀስ ብለሽ ፋቂው፤ ብርድ ሳይመታቸው።»

እግሯ ሥር ተንበርክኬ በሻይ ማንኪያ ፋቅሁ። ኮረኮራት መሰለኝ ሳቀች። ከታመመች ወዲህ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም ነበር። እግሯን ካጠብኩላት በኋላ ጭቃውን በጠርሙስ ከትቼ የጨው ውሃ ጨመርኩበትና ናፍጣ አንጠበጠብኩለት። መልሳ ከጎኗ አስተኛችው። ጾሙ ከተፈታ በኋላ ከውሃው በላይ የተንሳፈፈው ቅባት እየሳሳ ሄደ። እናቴ ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥታ እያየች «አልሞቱም» አለችኝ።

በሽተኞቹን ያኔውኑ በየተኙበት እየዞርኩ በሳሙና እንዲታጠቡ፣ ወንድሜ ያደላቸውም የወደብ ጭቃ መሆኑን ነግሬያቸው ነበር። መንገድ ሲከፈት ጠርሙሱን አስመራ ለነበረው ኃላፊያችን አደረስኩ። ከዚያ በኋላ ወንድሜ ቤት እህል ቀምሼ አላውቅም። ሲሞትም ቀብሩ ላይ አልቆምኩም።