በውሰት ያለቀው ክፍለ ጊዜ

የእጅ ሥራ መምህሩን መላው ትምህርት ቤት «ጋሽ መሮ» ይላቸዋል። ሲበዛ ሰው አክባሪ ናቸው፤ እምቢ ማለት አይሆንላቸውም። ፈተና በተቃረበ ቁጥር የሒሳብ መምህርቷ አንገቷን በበሩ ብቅ ታደርግና፣ «ጋሼ፣ ዛሬንም ይተባበሩኝ» ትላቸዋለች። እሳቸውም ጠመኔውን አቀብለው ጓሮ ፀሐይ ይሞቃሉ። ይህ ደግነት ተባለላቸው። ግማሹ ደግነት ነበር፤ ግማሹ ስንፍና።

ዘንድሮ፣ በዕድሜ ልጃቸው የሚሆነው ርእሰ መምህር መምህራኑን ሰብስቦ የእጅ ሥራ ትምህርት እንዲቀር ሐሳብ አቀረበ። ጋሽ መሮ ተነሡ።

«እጁ ያልተፍታታ ልጅ ምኑን ተማረ? ነገ የተሰበረ ወንበር ፊት ቆሞ ሊያለቅስ ነው?»

ርእሰ መምህሩ ድምፁን አላነሣም። «ጋሼ፣ ክፍለ ጊዜዎን ለዓመታት ሲሰጡ፣ ልጄ ቀረበት ብሎ የመጣ ወላጅ አለ? እርስዎስ አንድ ቀን ቅር ብሎዎት ያውቃል? ትምህርቱን የገደሉት እኮ እርስዎ ነዎት፤ እኛ ቀብሩን ነው የምናስፈጽመው።»

መምህራኑ ሳቁ። የሒሳብ መምህርቷ ብቻ አቀረቀረች። በመጨረሻ ርእሰ መምህሩ፣ «ለማንኛውም በሚቀጥለው ሳምንት የስምንተኛ ክፍል ልጆች የሠሩትን አይቼ እወስናለሁ» ብሎ ስብሰባውን በተነ።

በማግስቱ መምህርቷ እንደ ልማዷ የስምንተኛ ክፍልን በር ከፈት አደረገች። «ጋሼ፣ ፈተናው ደረሰብን…»

«አይሆንም፣ እናቴ። ዛሬስ ራሴ አስተምራለሁ።»

ከኋላ መቀመጫ፣ «ወይ ጉድ! ጋሽ መሮ ሊያስተምሩ ነው!» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ከፊት የተቀመጠች አንዲት ተማሪ ግን አልሳቀችም።

«ሒሳቡ ይሻለን ነበር» አለች።

ጋሽ መሮ የእንጨት መላጊያውን አቧራ እፍ ብለው ከአንድ ሳንቃ ጋር አቀበሏት። ልጅቷ አገላብጣ አየችውና ምላጩን ወደ ሰማይ አድርጋ ሳንቃው ላይ አስቀመጠችው። ሰነፍ አልነበረችም፤ ከክፍሉ አንደኛ የምትወጣ ናት። ይህን እንዲያሳያት ደመወዝ የሚከፈለው ሰው ግን አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም አላሳያትም።

ጋሽ መሮ በሳምንት ውስጥ ምን ሊሠራ እንደሚችል አላጡትም፦ ምንም። እንዲያም ሆኖ መላጊያውን ገልብጠው እጇን በእጃቸው ላዩ ላይ አሳረፉት።

«እንዲህ ነው። ግፊ። አይዞሽ፣ ግፊ!»

ገፋች። መላጊያው እንጨቱን ነክሶ ቆመ።