ያላለቀው ዜማ

ዛሬ ልምምድ ላይ መብራት ጠፋና ጊታር ተጫዋቻችን የመኪና ባትሪ ጎትቶ አመጣ። የአሲዱ ሽታ አፍንጫዬን ሲሰነፍጠኝ ልቤ ያደግኩባት ከተማ እጃጂ ደረሰ።

የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። የቤተ ክርስቲያናችን ኪቦርድ የሚሠራው በእንዲህ ዓይነት ባትሪ ነበር። የተቆለፈበትን ሣጥን የሚከፍቱልኝ የመዘምራኑ መሪ ኦቦ ገመቹ ነበሩ፤ እሱም ለመዝሙር ጥናት ብቻ። ዘፈን የተጫወተበት ሰው ሁለተኛ አይነካውም። አንድ ቅዳሜ ግን ከጥናት በኋላ ሣጥኑን ሳይቆልፉ ወደ ቤታቸው የሄዱ መስሎኝ የራሴን ዜማ ጀመርኩ። ስለ አንድ የክፍሌ ልጅ ነበር። ዞር ስል በሩ ላይ ቆመዋል።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ይሄ መዝሙር ነው ወይስ ዘፈን?»

መዋሸት አልፈለግኩም። መተውም አልፈለግኩም።

«ገና አላለቀም፣ ኦቦ።»

ከዚያ የሣጥኑን ቁልፍ ከአንገታቸው አውልቀው ኪቦርዱ ላይ አስቀመጡት።

«እንግዲያው ስትጨርሺው ንገሪኝ» ብለው ወጡ።

አሁን የሮክ ባንዳችንን ዘፈኖች የምጽፈው እኔ ነኝ። ያን ዜማ በየመድረኩ እጫወተዋለሁ፤ መጨረሻውን ግን ሁልጊዜ እለውጠዋለሁ። የባንዱ ልጆች «በቃ፣ አንዱን ምረጪ!» ብለው ይጮኹብኛል። እምቢ ብያለሁ።

ኦቦ ገመቹ ዛሬም ስደውልላቸው ከሰላምታ በፊት «አለቀ?» ይሉኛል።

«ገና ነው፣ ኦቦ።»